እየበላች የምትከሳ ድመት

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባባሉ የሚነገረው ልማዱን መተው ስላቃተው ሰው ቢሆንም ስለ ድመቷም እውነቱን ይናገራል። ድመት በልማድ የምትኖር እንስሳ ናት። የምትተኛበት ጥግ የታወቀ ነው፤ የምትበላበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ማን እግር ሥር እንደምትታከክ፣ ከማን እንደምትሸሽ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ ዓመሏን ሳትረሳ የኖረች ድመት በስተርጅናዋ ዓመሏን ብትለውጥ ምን ማለት ይሆን?

በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ ለውጦች አንዱን እንመለከታለን። ያረጀችው ድመት ድንገት ሆዳም ትሆናለች። የሰጧትን ጨርሳ ሌላ ትጠይቃለች፤ ሌሊት ትጮኻለች፤ ከዚህ በፊት ነክታ የማታውቀውን ድስት ክዳኑን ገፍታ ትከፍታለች። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ በልታ አትወፍርም። ጀርባዋን ስንዳስሳት አከርካሪዋ በእጃችን ይቆጠራል።

ብዙዎቻችንን የሚያታልለን መብላቷ ነው። በአገራችን የታመመ ሰው ስንጠይቅ በመጀመሪያ የምንለው «ምግብ ይበላል ወይ?» ነው። የሚበላ ከሆነ ልባችን ያርፋል። ድመቷንም በዚሁ ሚዛን እንመዝናትና «ደህና ናት፣ እንዲያውም ከእኛ የተሻለ ትበላለች» እንላለን። በዚህ ሁኔታ ግን ሚዛናችን ይሳሳታል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆናት ድመት አብዝታ እየበላች ከከሳች፣ መብላቷ ራሱ የሕመሟ ምልክት ነው።

ሌባ ተብላ የምትባረር

ነገሩን አቅልለን እንዳናየው የሚያደርግ ሌላ ምክንያት አለ። ድመት ስትታመም እንደ ልጅ አታለቅስም። የእኛ ቤት ድመት የዘር ሐረግ በአፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚገኘው የዱር ድመት የመጣ መሆኑን በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል። ይህ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይኖራል፤ ከአዋሽ ከተማ አጠገብ ካለው ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አራዊትም አንዱ ነው። ብቻውን የሚያድን ትንሽ አውሬ ነው። ድካሙን ካሳየ ትልቁ አውሬ ይበላዋል። ስለዚህ ሕመምን መደበቅ ለድመት የተፈጥሮዋ ነው። የምታሳየን ጥቂት ነገር ቢኖር የልማዷን መለወጥ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ይህችኑ ጥቂት ምልክት እንደ ጥፋት የምንቆጥርባት መሆናችን ነው። ከመሶብ ሥር ስትሰርቅ ትመታለች። ሌሊት ስትጮኽ ከቤት ትወጣለች። ሽንቷ በዝቶ ምንጣፍ ላይ ካመለጣት ደግሞ «ከእንግዲህ በቃሽ» ተብላ በጆንያ ትከተትና ሩቅ ቦታ ትጣላለች። አንድን ቤት ከአይጥ ስትጠብቅ የኖረች እንስሳ ሌባ ተብላ ትባረራለች፤ በእርግጥ ግን ሌባ ሳትሆን በሽተኛ ነበረች። የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማም ይህ እንዳይሆን ነው።

በሚዛን የታወቀ ነገር

በአዋሽ ሰባት ኪሎ እህል የሚሸጡ አንዲት እናት ስለ ድመታቸው ሲያጫውቱኝ «ልጄ፣ ይቺ ድመት ጅብ ሆናብኛለች፤ የምትበላው የት እንደሚገባ አላውቅም» አሉኝ። ድመቷ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። «መቼም አርጅታለች፣ ብትከሳ ምን ይደንቃል» ብለውም ጨመሩ።

እንደ አዋሽ ባለ የመንገድና የባቡር ከተማ፣ እህልና ሸቀጥ በሚከማችበት ቦታ፣ ድመት የቤት ጌጥ አይደለችም፤ ሠራተኛ ናት። ከአዋሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዚያው ሸለቆ ወደ ታች በምትገኘው በሰመራም እንደዚሁ ነው። በአዲሱ የክልል ከተማ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም በበዛ ቁጥር አይጥ ይበዛል፤ አይጥ ባለበትም ድመት ትፈለጋለች። ስለዚህ የእኒህ እናት ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው።

እኔም «ማዘር፣ ሚዛኑ እዚሁ አለ፤ ለምን አንመዝናትም?» አልኳቸው። ዘንቢሉን መጀመሪያ ባዶውን መዘንነው፤ ቀጥሎ ድመቷን ከነዘንቢሉ። ልዩነቱ 3 ኪሎ ከሩብ ሆነ። የልጅ ልጆቻቸው ከአንድ ዓመት በፊት ለጨዋታ ሲመዝኗት ግን 4 ኪሎ እንደነበረች ያስታውሳሉ። እኒያ እናት ሚዛኑን አይተው ዝም አሉ።

750 ግራም ለእኛ ምንም አይደለም። ለድመት ግን ብዙ ነው። ከ4 ኪሎ ላይ 750 ግራም ማለት ከክብደቷ አምስት እጅ አንዱ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 11 ኪሎ እንደመቀነስ ይቆጠራል። እንዲህ የከሳች እህት ብናይ «አርጅታለች» ብለን አናልፍም። የእንስሳት ሐኪሞች ከክብደቷ አሥር እጅ አንዱን ያጣች ድመት መመርመር እንዳለባት ይመክራሉ፤ ይህም ለ4 ኪሎ ድመት 400 ግራም ነው። ፀጉሯ ስለሚሸፍነው ይህን ያህል መክሳት በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ፤ ሚዛኑን እመኑ። የሱቅ ሚዛን የሌላችሁ የሰው መመዘኛ ላይ ድመቷን አቅፋችሁ፣ ቀጥሎም ብቻችሁን ቁሙና ልዩነቱን ያዙ።

ለመሆኑ በልታ ለምን ትከሳለች?

የበላነው ምግብ ሰውነታችንን እንዲገነባ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሆድና አንጀት ምግቡን ፈጭተው ወደ ደም እንዲያሳልፉት፣ ሰውነት ከደሙ ውስጥ ወስዶ እንዲጠቀምበት፣ እና የሚቃጠለው ከሚገባው እንዳይበልጥ። ከሦስቱ አንዱ ሲበላሽ ሰውነት ይራባል፤ አእምሮም «ብላ» እያለ ያዛል። ባረጁ ድመቶች ዘንድ ይህን የሚያመጡ የታወቁ ሕመሞች አሉ።

*አንደኛው የእንቅርት ዕጢ ሕመም ነው።* በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘውን፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለውን ዕጢ ሁላችን እናውቀዋለን። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሉታል። ሥራው ሰውነት ምግብን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያቃጥል መወሰን ነው። ልክ የምድጃ እሳት እንደሚቆጣጠር ሰው ማለት ነው። በአንዳንድ ያረጁ ድመቶች ይህ ዕጢ ያድግና ከልክ በላይ መሥራት ይጀምራል። ምድጃው ሌት ተቀን ይነድዳል፤ እንጨቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ድመቷ ትበላለች፣ ትከሳለች፣ እረፍት ታጣለች፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል፣ ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ አንዳንዴም ታስመልሳለች፤ ተቅማጥም ይይዛታል። ሙቀት መቋቋም ስለማትችል ቀዝቃዛ ወለል ትፈልጋለች። እንደ ሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቦታ ይህ ለብቻው አደጋ ነው።

ይህ ሕመም በድመቶች ላይ መኖሩ በግልጽ የተገለጸው በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ዛሬ ድመቶች በየጊዜው በሚመረመሩባቸው አገሮች ካረጁ ድመቶች ላይ በብዛት ከሚገኙ የዕጢ ሕመሞች የመጀመሪያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የሚያጽናናው ነገር እብጠቱ በጣም ከጥቂቶቹ በስተቀር ካንሰር አለመሆኑ ነው። የሚያሳስበው ደግሞ ካልታከመ ልብን ማድከሙና የደም ግፊትን ማስነሣቱ ነው፤ ግፊቱም ድመቷን በአንድ ሌሊት ሊያሳውራት ይችላል።

በሰመራ መንገድ ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚወጡትን መኪናዎች ያያችሁ ትኖራላችሁ። በዚያ ጨው ውስጥ አዮዲን እንዲጨመር በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ያዘዘው የሰውን እንቅርት ለመከላከል ነው። ይህን የማነሣው ስህተት እንዳይፈጠር ነው። የብዙ ሰዎች እንቅርት የሚመጣው በአዮዲን እጥረት ስለሆነ «ለድመቷም ጨው እናብዛላት» የሚል ሊኖር ይችላል። የድመቷ ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። የእርሷ ዕጢ ተርቦ ሳይሆን ከልክ በላይ ሠርቶ ነው የሚያስቸግራት፤ ጨው አይፈውሳትም።

*ሁለተኛው የስኳር በሽታ ነው።* አዎን፣ ድመትም ስኳር ይይዛታል። ምግቡ ወደ ደም ይገባል፤ ነገር ግን ኢንሱሊን ስለሚያንስ ወይም ስለማይሠራ ሰውነት ሊወስደው አይችልም። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሰውነት ይራባል። በብዛት የሚያጠቃው ወፍረው የነበሩ፣ በተለይም የተኮላሹ ወንድ ድመቶችን ነው። ከመብላትና ከመክሳት ጋር ብዙ ውሃ መጠጣትና ብዙ መሽናት ይታይበታል። በኋለኛ እግሮቹ ተረከዙን መሬት እያስነካ መራመድ ከጀመረም ሕመሙ ነርቭ መንካቱን ያሳያል። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ከተሰበሰበ፣ አያቶቻችን በሰው ላይ ያውቁት የነበረው ምልክት መሆኑን አስታውሱ።

*ሦስተኛው የአንጀት ሕመም ነው።* የአንጀት ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ፣ ወይም በዝግታ የሚያድግ ካንሰር ሲይዘው፣ ምግቡ ሳይፈጭና ሳይወሰድ ያልፋል። ድመቷ ትበላለች፤ የበላችው ግን አይጠቅማትም። ተደጋጋሚ ትውከትና ተቅማጥ ይታያል፤ አንዳንዴም ከመክሳት በቀር ምንም አይታይም።

*አራተኛው ትል ነው።* አይጥ የምታድን ድመት ከአይጡ የኮሶ ትል ትወስዳለች፤ ከቁንጫም ሌላ ዓይነት ትወስዳለች። በጅራቷ ሥር ወይም በመኝታዋ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነገር ካያችሁ ምልክቱ እርሱ ነው። ትል ብቻውን ትልቅ ድመትን እጅግ አያከሳም። ነገር ግን ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ ሕክምና ስለሆነ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራሉ። ለኮሶ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ አካባቢዎች ለቢልሃርዚያ የሚታደለው መድኃኒት ራሱ ነው። ቢሆንም የሰው ኪኒን ቆርሶ መስጠት ልክ አይደለም፤ መጠኑን በክብደቷ የሚወስን ሐኪም ነው። ትሉን ካወጣችሁ በኋላም መክሳቷ ከቀጠለ «ታክማለች» ብላችሁ አታቁሙ።

የኩላሊት ድካም ያረጀች ድመትን በማክሳት የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን ብዙውን ጊዜ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። የጥርስ ሕመም ያለባት ደግሞ እየጓጓች ወደ ምግቡ ትቀርባለች፣ ትነክሰዋለች፣ ትጥለዋለች። ስለዚህ ምግብ መጠየቋን ብቻ ሳይሆን መዋጧን አስተውሉ።

በሙቀት አገር ውሃዋን እንዴት እንለካ?

አንባቢያችን ከሰመራ ወይም ከሎግያ ከሆናችሁ «በዚህ ሙቀት ውሃ የማይጠጣ ማን አለ?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፤ ለዚህም ነው ይህ ምልክት በቆላ አካባቢ በቀላሉ የሚያመልጠው። ነገር ግን የድመት ዘር ከደረቅ ምድር የመጣ ነውና በተፈጥሮዋ ጥቂት ጠጪ ናት። አንዲት 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ መጠጣት ካዘወተረች ትኩረት ያሻታል። የግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ልትጨርስ ከተቃረበች ግን ጥርጥር የለውም፤ ሙቀት ብቻ አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሁለት እኩል ሳህን አዘጋጁ። በሁለቱም እኩል ውሃ በሃይላንድ ለክታችሁ ጨምሩ። አንዱን ለድመቷ ተዉላት። ሁለተኛውን አጠገቡ አስቀምጡና ወንፊት ድፉበት፤ እንዳትጠጣው ነው። በማግሥቱ በሁለቱም የቀረውን ለኩ። ከተሸፈነው የጎደለው ፀሐይና ነፋስ የጠጡት ነው። ከድመቷ ሳህን የጎደለው ከዚያ ምን ያህል እንደሚበልጥ ስታሰሉ የእርሷን ድርሻ ታገኛላችሁ። ሦስት ቀን ደጋግማችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህች ወረቀት ትጠቅመዋለች።

በቤታችን የማይደረጉ ነገሮች

በቅን ልብ የተሰጠ ነገር ድመቷን ሊገድል ይችላል። እነዚህን አጥብቃችሁ ያዙ፦

• ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጧት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ ኪኒን ለሞት ይበቃታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለእርሷ መርዝ ናቸው።

• ለውሻ ቁንጫ ወይም ለከብትና ለፍየል መዥገር የተዘጋጀ መድኃኒት አትቀቧት። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር ድመትን ያንቀጠቅጣል፤ ይገድላልም።

• ወጥ በእንጀራ አጥቅሳችሁ አትመግቧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስለሆነች እንጀራና ዳቦ ብቻዋን አያኖራትም። ሽንኩርትና ጨው ሳይገባበት የተቀቀለ ጥቂት የፍየል ሥጋ ወይም እንቁላል ይሻላታል። ብዙ ወተትም ያስቀምጣታል፤ ይህም ከሲታዋን ይብስ ያከሳታል።

• የሰው የስኳር ወይም የእንቅርት መድኃኒት በግምት አትስጡ። ያለ ልክ የተሰጠ ኢንሱሊን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

• ምግብ በመጨመር ብቻ አትርኩ። በእርግጥ ልትራብ አይገባም፤ እስክትመረመር ድረስ የምትፈልገውን ያህል ትብላ። ነገር ግን ምግቡ ረሃቧን ያስታግሳል እንጂ ሕመሟን አይፈውስም።

አብዝታ ትበላ የነበረች ድመት በድንገት መብላት ብታቆም፣ ብታስመልስና ብትዝል ግን ሳምንት አትጠብቁ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነች ይህ የሞት አፋፍ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ወደ ሐኪም ስንሄድ

በአዋሽም ሆነ በሰመራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዕለት ዕለት የሚያየው ግመል፣ ፍየልና ከብት ነው። ይህ ግን ድመት ማየት አይችልም ማለት አይደለም። አንገቷን ዳስሶ ያደገ ዕጢ መኖሩን፣ የልቧን ምት፣ ጥርሶቿን፣ ሆዷን ሊመረምር ይችላል። የሽንት ስኳር የሚያሳየው ስስ ወረቀትና ሰው በቤቱ የሚጠቀምበት የደም ስኳር መለኪያም ለመነሻ ይረዱታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፤ ድመት ስትፈራ የደሟ ስኳር ለጊዜው ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ልኬት ብቻ በቂ አይደለም፤ የሽንቱ ምርመራ አብሮ መታየት አለበት። የእንቅርት ዕጢውን ጉዳይ የሚያረጋግጠው በደም ውስጥ ያለውን የታይሮክሲን መጠን መለካት ነው፤ ሐኪሙ ናሙናው ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ እንዲላክ ሊያዝ ይችላል።

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ከሚያስተምሩት የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ቢሾፍቱ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ይገኛል። ለመጓዝ ያሰባችሁ በማለዳ ተነሡ። ድመቷን የአየር ቀዳዳ ባለው ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ፣ የለመደችው ጨርቅ ተነጥፎላት ያዟት። በቀትር በቆመ ሚኒባስ ውስጥ ለአፍታም አትተዋት።

የሚገኘው ሕክምና እንደ ሕመሙ ነው። የእንቅርቱ ሕመም እንደ ሜቲማዞልና ካርቢማዞል ባሉ፣ ሰውም በሚወስዳቸው ኪኒኖች ይገታል፤ ኪኒኑ ግን ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። በሌሎች አገሮች በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር አዮዲን ፈጽሞ የሚድንበት መንገድም አለ። የስኳሩ ሕመም ኢንሱሊንና የተስተካከለ ምግብ ይፈልጋል፤ ቶሎ ከተጀመረ ከጊዜ በኋላ ያለ ኢንሱሊን መኖር የቻሉ ድመቶች ብዙ ናቸው። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋልና መብራት በሚጠፋበት ቦታ በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ለጊዜው ቀዝቀዝ ያደርገዋል። የአንጀቱ ሕመምም እንደ ዓይነቱ በመድኃኒትና በምግብ ለውጥ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

«ለድመት ይህን ያህል?»

እኒያ የአዋሽ እናት ሚዛኑን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። «ለሰው ሐኪም ቤት ገንዘብ በሚያጥርበት ጊዜ ለድመት?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ለልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈለውን ወስዶ ለድመት አውሉት የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም።

ነገር ግን በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት እንይ። አቅም አጥቶ አለማሳከም አንድ ነገር ነው። የታመመችን እንስሳ ሌባ ብሎ መምታትና በጆንያ አውጥቶ መጣል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ሁለተኛው ጭካኔ ነው። ጻድቅ ሰው ለእንስሳውም እንደሚያስብ በመጽሐፈ ምሳሌ የምናውቀው ነገር ገንዘብ ከመኖርና ካለመኖር ጋር የተያያዘ አይደለም። ሩቅ መጓዝ ያልቻለ ሰው በአካባቢው ባለሙያ ትሏን ማስወጣት፣ ንጹሕ ውሃና ጥላ መስጠት፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማብላት፣ ሽንቷ ቢያመልጣት አፈር የተሞላ ካርቶን በቅርብ ማኖር ይችላል። ስቃዩ ከበዛና ተስፋ ከሌለም ሐኪሙ ያለ ሕመም እንድታርፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በመንገድ ዳር ተጥላ ከምትሞት ይህ እጅግ ይሻላል።

ልጆቻችንም ይመለከቱናል። ጉልበት እያላት አይጥ የያዘችልንን እንስሳ ጉልበቷ ሲያልቅ እንዴት እንደያዝናት ያያሉ። ስለ እርጅና፣ ስለ ሕመምና ስለ ውለታ የሚማሩት አንዱ ትምህርት ይህ ነው።

ምልክቱ ከድመቷ አያልፍም

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ ያነሣናቸው የስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሕመሞች የሰውም ሕመሞች ናቸው። ምልክታቸውም ይመሳሰላል። በቤታችሁ ያሉ አባት ወይም እናት ደህና እየበሉ ልብሳቸው ሰፍቷቸው እንደሆነ አስተውሉ። አብዝተው ውሃ እየጠጡ ሌሊት ደጋግመው ለሽንት የሚነሡ ከሆነ የደም ስኳራቸው ይለካ፤ በቅርብ ጤና ጣቢያ የሚደረግ የደቂቃዎች ምርመራ ነው። ልባቸው የሚመታባቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ሌላው ሰው ባልሞቀው ሰዓት የሚሞቃቸውና የሚያልባቸው ከሆነ ስለ እንቅርት ዕጢያቸው ሐኪም ይጠየቅ። በቆላ አገር ስለምንኖር ጥማቱንም ላቡንም በሙቀት እናመካኛለን፤ መክሳቱን ደግሞ በእርጅና። ሙቀት ግን የሚበላን ሰው አያከሳም።

አረጋውያን እንደ ድመቷ ሕመማቸውን መደበቅ ያውቁበታል። «እኔ ምን ሆኜ፣ እበላለሁ እኮ» ይላሉ። እኛም መብላታቸውን አይተን እናምናቸዋለን።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን ቀላል ይሁን። ከአሥር ዓመት በላይ የሆናት ድመት ያላችሁ መዝኗትና ቀኑንና ክብደቷን በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ጻፉ። በየሁለት ወሩም ድገሙት። አብዝታ እየበላች ቁጥሩ ከወረደ ምን እንደሚደረግ አሁን ታውቃላችሁ። በዚያው ሚዛን ላይ አያትንም እየሳቃችሁ አውጧቸው፤ የእርሳቸውንም ቁጥር ከጎኑ ጻፉት።